ሲሰካ ይሠራል

መስከረም 26

ለተከበርሽው የእህቴ ልጅ፣ ለቤተሰቡ ኢንጂነር፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ በሙሉ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ጉልበቴ ብቻ ነው፣ እሱም ደረጃ ካልወጣሁ ድምፁን አያሰማም። ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ እጅሽን ከኤሌክትሪክ፣ እግርሽን ከበረዶ ያድንልኝ። እዚያ በረዶ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሌለም ምርቃቱ ተቀምጦ ይቆይሽ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው እኔ በእጄ ጽፌ፣ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። የአንቺም መልስ የሚመጣው በእሱ ስልክ ስለሆነ፣ እሱው ጮክ ብሎ ያነብልናል። ስለዚህ የምትጽፊውን ሁሉ ከእኔ ቀድሞ የሚሰማው ወንበሩ ላይ ፂሙን አስረክቦ የተቀመጠ ደንበኛ መሆኑን አትርሺ። ፀጉር አስተካካዩ ሰላም ብሎሻል። እኔ አነባለሁ እንጂ አስተያየት አልሰጥም ይላል። ይህን መስመር ፎቶ ሲያነሳ ፊቱን ባየሽው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ማሠልጠኛ ማዕከላችን አዲስ ኃላፊ መጥተውለታል። እንደመጡ ስብሰባ ጠርተው፣ የጠመኔ ዘመን ማብቃቱን አወጁ። ከእንግዲህ ማንኛውም አሠልጣኝ፣ ብየዳ ይሁን ልብስ ስፌት፣ እንጨት ሥራ ይሁን የእኔ ቧንቧ፣ አንድ ትምህርቱን በስላይድ አዘጋጅቶ ሦስት ገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል። ያላቀረበ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ግምጃ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ መስኮት የለውም። እዚያ የገባ ሰው ስለ ቧንቧ አያስተምርም፣ ቧንቧ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ልጄ፣ ጡረታዬ እስኪደርስ ሰው ፊት ቆሜ ብናገር እወዳለሁ። ቤት ውስጥ ተራ እንደማይደርሰኝ ታውቂያለሽ።

ኮምፒውተሩን ማዕከሉ ይሰጠናል ወይ ብለን ጠየቅን። ኃላፊው ተነሳሽነት ከራስ ይጀምራል አሉ። ይህ በበጀት ቋንቋ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ሰው የተገለገለበት፣ ግን ተጠግኖና ጸድቶ በርካሽ የሚሸጥ ላፕቶፕ አለ ሲባል ሰማሁ። አንቺም እንጀራሽ እዚያው ሠፈር ስለሆነ ምክርሽን እሻለሁ። ዋጋውን የምችለው እኔ ነኝ፤ ስጦታ አልጠየቅሁም። ሥራው አሥራ አራት ስላይድ ነው፤ ፎቶና ጥቂት ጽሑፍ። ርዕሱ፦ «ከመታጠቢያ ሥር ሽታ ለምን ይመጣል?» ግምገማው ታኅሣሥ ውስጥ ነው።

አጎትሽ፣ ገና ያልተዛወረው

*

ጥቅምት 6

ለተከበሩ ጋሼ፣ ለእትዬ፣ ለእማዬ፣ እንዲሁም ፂሙን ላስረከበው ደንበኛ፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። በረዶ ገና አልመጣም፤ ምርቃቱን ግን ተረክቤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ጋሼ፣ የምሠራበት ቦታ መጋዘን ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሰለቿቸውን ላፕቶፖች በጭነት መኪና ያመጡልናል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የድሮ ፋይላቸው ይሰረዛል፣ አንዱ ላይ ሆዳቸው ተከፍቶ ያረጀው ይቀየራል፣ አንዱ ላይ ይወለወላሉ፤ በመጨረሻ ስለ ጤናቸው የሚናገር ወረቀት ተለጥፎባቸው ለሽያጭ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔ ድርሻ ከፍ ያለ ነው።

ለአሥራ አራት ስላይድ ጉልበተኛ ማሽን አያስፈልግም። ስላይድ ማለት ፎቶ ገልጦ መቆም ነው፤ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ ካለው ይተርፈዋል። ሻጭ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያሳይዎት ክዳኑን ነው። ክዳኑን እርሱትና ባትሪው ሳይሰካ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይምቷቸው፤ አንዳንዱ ማሽን አንድ ፊደል ውጦ ዝም ይላል። ማጠፊያውንም ይፈትሹ፤ ስክሪኑን ቀጥ አድርጎ ይይዛል ወይስ እንደ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ወደ ኋላ ይጋደማል? ሌላው የፕሮጀክተሩ መሰኪያ ነው። የድሮው ሰማያዊና ባለ ብዙ ጥርስ ነው፣ የአሁኑ ጠፍጣፋ ነው። እባክዎ የማዕከሉን ፕሮጀክተር ጀርባ አይተው ይንገሩኝ።

እዚህ ለሠራተኛ በቅናሽ የሚሸጡ ሁለት አሉ፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንደኛው ትናንት ከካርቶን የወጣ ይመስላል፤ ብርማ ነው፣ ፊት ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ግን «ሲሰካ ይሠራል» የሚል ተጽፎበታል። ይህ የእኛ ቤት ጨዋነት ነው፤ ባትሪው ሞቷል ላለማለት ነው። ግድግዳው ውስጥ መብራት እስካለ ንጉሥ ነው፤ መብራቱ ሲሄድ ትሪ ይሆናል። ሁለተኛው ጥቁር ነው። ክዳኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተጭሯል፤ የሆነ ሰው ተናዶ ቁልፍ የጎተተበት ይመስላል። ባትሪው ግን አዲስ ነው፤ ግማሽ ቀን ሳይሰካ ይቆማል። እኔ ብሆን ባለ ጭረቱን እወስዳለሁ።

መልስዎን እጠብቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 20

ለተከበርሽው ኢንጂነር፣

ደብዳቤሽ ከነሙሉ ክብሩ ደርሶ ተነቧል። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፣ አለቃሽን ያለስልስ።

የላፕቶፑ ጉዳይ ከባድ ስለሆነ ቤተሰቡ በጉባኤ ተቀምጦበታል። በሰብሳቢነት ባለቤቴ፣ በአባልነት እናትሽ፣ በታዛቢነት ፀጉር አስተካካዩ፣ በጉዳዩ ባለቤትነት እኔ ነበርን። ታዛቢው የአንቺን ደብዳቤ ሲያነብ ባትሪ የሚለው ላይ ማንም አልተነቃነቀም። ጭረት የሚለው ላይ ሲደርስ ሁሉም ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

ሰብሳቢዋ ስክሪኑ ሰፊ ይሁን አለች፤ የሠርጋችን ካሴት ስላለ እግረ መንገዱን እንድናይበት ነው። ካሴቱ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቅልኝ ብላለች። ታዛቢው አስተያየት አልሰጥም ካለ በኋላ፣ ኮር ሰባት ካልሆነ እንደማያዋጣ አንድ ደንበኛው እንደነገረው አስታወቀ። ኮር ሰባት ምንድን ነው ብለን ጠየቅነው። ከኮር አምስት ይበልጣል አለ። በዚህ ተስማምተን አለፍን።

በመጨረሻ እናትሽ ተናገረች። ቃሏን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ልጄ ባሕር ማዶ ሆና የተቧጨረ ዕቃ ላከች ተብሎ አይወራም። ባትሪውን ማን ከፍቶ ያያል? ሰው የሚያየው ክዳኑን ነው።»

ድምፅ ተሰጠ። ለብርማው ሦስት፣ ለባለ ጭረቱ አንድ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ታዛቢ እንዴት ድምፅ ይሰጣል ብዬ ልቃወም ነበር፤ ኋላ የራቱን ሁኔታ አስቤ ድምፄን ወደ ብርማው አዛወርኩ። በሙሉ ድምፅ ብለሽ መዝግቢው።

የፕሮጀክተሩን ጀርባ በተመለከተ፣ እስካሁን ያየው ሰው አልተገኘም። ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ ሳይነሳ በኃላፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ንብረት ስለሆነ ይጠበቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ደግሞ ከእኛ ነው። ጀርባውን ብቻ ለማየት ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

እናትሽ ፎቶሽን ትፈልጋለች። ሙሉ ቁመት ይሁን ብላለች።

አጎትሽ፣ በድምፅ ብልጫ የተረታው

*

ኅዳር 14

ለተከበሩ ጋሼ እና ለተከበረው ጉባኤ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንበል። ጤና፣ ሰላም፣ ለጉልበትዎም ደረጃ የሌለበት ሰፈር ይስጥልኝ።

ውሳኔያችሁ ደርሶኛል። የቤተሰቡን ክብር የሚያስጠብቀውን ማሽን መርጬ፣ ወደዚያ ለሚመጣ መንገደኛ አስረክቤያለሁ። በዋጋውም ለሠራተኛ ከሚደረገው ቅናሽ ላይ ሌላ ቅናሽ አግኝቻለሁ። ለምን እንዳገኘሁ ረጅም ታሪክ ስለሆነ ደንበኛውን ፂሙ ሳይላጭ አናስቀምጠው።

ማሽኑ እንዳይበርደው ክዳኑ ላይ ልብስ ሰፍቼለታለሁ። ግራጫ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ዳሩ በቀይ ክር ተቀምቅሟል። እዚህ ላይ እንደ ቤተሰቡ ኢንጂነር ጥብቅ የቴክኒክ ማሳሰቢያ እሰጣለሁ። ልብሱ አይወልቅም። ለማጠብ አይወልቅም፣ ለማሳየት አይወልቅም፣ ለፀጉር አስተካካዩም አይወልቅም። ልብሱ የወለቀ ማሽን ክዳኑን ብርድ ይመታዋል፤ ብርድ ለመታው ክዳን ደግሞ ዋስትና የለም።

የፕሮጀክተሩ ማመልከቻ እስኪፈቀድ ለሁለቱም ዓይነት መሰኪያ የሚሆን ገመድ ጨምሬያለሁ። ለእትዬ፦ ካሴቱ በየትም በኩል አይገባም። ለፀጉር አስተካካዩ፦ ኮር አምስት ነው፤ ሐዘንህን እጋራለሁ።

እማዬ የጠየቀችውን ፎቶዬን ልኬያለሁ። ከኋላዬ የሚያብረቀርቀው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መግቢያ አዳራሽ ነው።

እኔ ደህና ነኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 2

ለተከበርሽው ኢንጂነር፣

ማሽኑ በሰላም ገብቷል። ፈጣሪ የመንገደኛውን ሻንጣ ያቅልልለት። እናትሽ ገና ስታየው፣ አያችሁ፣ የተከበረ ዕቃ እኮ ልብስ አለው አለች። ሠፈሩ መጥቶ ጎብኝቷል። ማሳሰቢያሽ ጮክ ተብሎ ስለተነበበ ክዳኑን የነካ የለም፤ አንዲት ጎረቤት እንዲያውም ብርድ እንዳያገኘው መስኮቱን ዘጋችው።

አሥራ አራቱን ስላይድ ሠርቻለሁ። ፎቶዎቹን በየሰዉ መታጠቢያ ሥር እየተንበረከክሁ ሳነሳ ጉልበቴ ብዙ ተናግሯል። ዘጠነኛዋን ስላይድ በተለይ እወዳታለሁ፤ ተራ ከደረሳት ሦስቱም ገምጋሚዎች ቤታቸው ሄደው መታጠቢያቸውን ማየታቸው አይቀርም።

የከበደኝ ሌላ ነው። የሚሠራ ላፕቶፕ እንዳለኝ ማዕከሉ ሰማ። መጀመሪያ የብየዳው አሠልጣኝ ለአምስት ደቂቃ ብሎ መጣ። አምስት ደቂቃ እኛ ዘንድ ከምሳ እስከ መውጫ ሰዓት ነው። ቀጥሎ የእንጨት ሥራው መጣ፣ ቀጥሎ የልብስ ስፌቷ መጣች፤ እሷ እንኳ ስላይዱን ትታ ቅምቀማውን ስትመረምር ዋለች፣ ማን ሰፋው ብላ። አሁን ከኃላፊው በቀር ሁሉም የሚያቀርበው በእኔ ማሽን ነው። እንቢ ልል አፌን ስከፍት ምን ገዶኝ የሚል ቃል ይወጣኛል። ተራ ሲወጣ ባለቤት መጨረሻ ነው ተባለ፤ እኔ አስተናጋጅ ስለሆንኩ እንግዶቼ ይቅደሙ ማለታቸው ነው። እኔ ጋ ሲደርስ የሰውም የማሽኑም ዓይን ከድኖ እንዳይጠብቀኝ እፈራለሁ። ግምጃ ቤቱ በር ላይ አዲስ ወንበር መቀመጡን አይቻለሁ።

ፎቶሽን እናትሽ ይዛ ትዞራለች። ፊቷ ወዝቷል፣ ኮቱም ያምራል ተብሏል።

አጎትሽ፣ አስተናጋጁ

*

ታኅሣሥ 23

ልጄ፣

ሰላምታው እንዲህ ያጠረው ፊደል ፍለጋ ስለሚያደክም ነው። ይህን ደብዳቤ በማሽኑ ላይ በራሴ ጣት ጽፌ፣ በማዕከሉ የኢንተርኔት መሥመር በራሴ ልኬዋለሁ። የብየዳው አሠልጣኝ እንዴት እንደሚላክ አሳይቶኝ ዞር አለ፤ ውለታዬን በዚህ መለሰ። ፀጉር አስተካካዩ አላየውም። ፂሙን ያስረከበ ሰው የለም። እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ ሲጽፉት እንዴት ያስፈራል።

የግምገማው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ኃላፊው መክፈቻ ንግግራቸውን በራሳቸው ላፕቶፕ ጀምረው ነበር። ብርማ ነው፣ ፊት ያሳያል። መብራቱ ሲሄድ አብሮት ሄደ። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎበት እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። ለሌላ ቀን ይተላለፍ ብንል የገምጋሚዎቹ አበል ተፈርሟል ተባለ። በዚያው ሰዓት የእኔ ማመልከቻ ተፈቀደ። ፕሮጀክተሩ ከቁም ሣጥን ወጣ፣ ፕላስቲኩ ተነሳ፣ ጀርባው ለሕዝብ ታየ። ሰማያዊ ነው። ገመድሽ ልክ ገባ። ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን አየነው፤ ከዚያ መብራት እንደሌለ ትዝ አለንና መልሰን አለበስነው።

ሦስቱ ገምጋሚዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ማሽኑ ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ብየዳው አቀረበ። እንጨት ሥራው አቀረበ፤ ስለ ሙጫ ብቻ ተናግሮ አልጠግብ አለ። ልብስ ስፌቷ አቀረበች። ሁሉም አቀረቡ። ባትሪው አልደከመም። የደከሙት ገምጋሚዎቹ ነበሩ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ኮሌታዬን አስተካክዬ ቆምኩ። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ግን ቦርሳውን እየዘጋ ነበር።

«እርስዎንማ ስናይ ዋልን እኮ» አለኝ።

«እኔን አላያችሁም» አልኩት።

«ማሽንዎን አየን፤ ያው ነው። ዘመናዊ ነዎት። አልፈዋል።»

ፈርሞልኝ ወጣ። አፌን ሳልከፍት በማስተማሪያ ክፍሌ ጸናሁ፤ ግምጃ ቤቱም ቀረልኝ። ማዘን ይሁን መደሰት ያለብኝ እስካሁን አልተወሰነም፤ ለጉባኤ አላቀረብኩትም። ሰው ሁሉ ሲወጣ አሥራ አራቱንም ለአግዳሚ ወንበሩ አቀረብኩለት። ጥያቄ አልነበረውም።

ከዚያ የማሽኑን ልብስ በአንድ ጥግ በኩል ቀስ ብዬ ገለጥኩ። ጥቁር ነው። ጭረቱም አለ፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንዳልሽው። ጣቴን ሰድጄ ተከተልኩት። ከዚያ መልሼ አለበስኩት። ብርድ አልመታውም። ለእናትሽ አልነግራትም፤ እሷ ብርማውን እንደላክሽላት ታውቃለች፣ ተኝታም ታድራለች።

አንድ ነገር ልበልሽ። ፎቶሽን ሁሉም ፊትሽንና ኮትሽን ነው ያየው። እኔ ጣቶችሽን አየሁ። ጫፎቻቸው ተልጠዋል። ይህን ጣት አውቀዋለሁ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ማጣበቂያ በፈሳሽ ሲያጸዱ የሚውሉ ሠልጣኞቼ ጣት ነው። ጓንት አጥልቁ እላቸዋለሁ፣ ጓንት ግን ግምጃ ቤት ነው። ኢንጂነር ደግሞ ክዳን ብርድ ይመታዋል አይልም። ከመጀመሪያውም ኢንጂነር ያልንሽ እኛ ነን፤ አንቺ ብለሽ አታውቂም።

እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ክዳንሽ ነው። ወፈረች ወይ፣ ኮቱ ስንት ነው፣ አዳራሹ የሷ ነው ወይ። ሻጭ ክዳን ሲያሳየኝ ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ባትሪሽ እንዴት ነው?

ስላይዶቹን አብሬ ልኬልሻለሁ። ገምጋሚ አላያቸውም፤ እንደ አዲስ ናቸው።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 25

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። በፀጉር አስተካካዩ ድምፅ ሳይሆን በእርስዎ ድምፅ ሲነበብ ሌላ ነው።

ስላይዶቹን አየኋቸው። ከክፍሌ ጥግ የማልጠቀምበት ትንሽ መታጠቢያ አለ፤ ከተከራየሁ ጀምሮ አካባቢው ይሸታል። ሽቶ ረጭቻለሁ፣ መስኮት ከፍቼ በብርድ ተቀምጫለሁ፤ ኋላ የሕንፃው ጠባይ ነው ብዬ ለመድኩት። ስምንተኛዋ ላይ ከመታጠቢያው ሥር ቧንቧው የሚጠማዘዘው ጥቂት ውሃ ይዞ ሽታውን እንዲያግድ ነው ብለዋል። ዘጠነኛዋ ላይ፣ «ውሃ የማይፈስበት መታጠቢያ ሥሩ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሽታው መንገድ ያገኛል። መፍትሔው አንድ ጆግ ውሃ ነው።» አንድ ጆግ አፈሰስኩበት። ዛሬ ከውጭ ስመለስ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ምንም አይሸትም። ጋሼ፣ አልፈዋል። ይህን የምለው አይቼ ነው።

ለጥያቄዎ መልስ ይኸው። ኢንጂነር አይደለሁም። የድሮ መሥሪያ ቤቶች ክዳን ላይ የለጠፉትን ወረቀትና ሙጫውን በፈሳሽና በጨርቅ አነሳለሁ። ከጥቅምት ወዲህ የጭነት መኪናው የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ እኔም የምጠራው አልፎ አልፎ ነው። ማሽኑን በተጨማሪ ቅናሽ ያገኘሁት ለዚህ ነው፤ መጋዘኑ ያለውን እያራገፈ ነው። የዘገየሁትም ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ፎቶ የተነሳሁበት አዳራሽ ሥራ ልጠይቅ የገባሁበት ነው፤ እንጠራሻለን ብለው እስካሁን ስልካቸውን እየፈለጉት ይመስለኛል። ኮቱ የጎረቤቴ ነው፤ መልሼዋለሁ። ደህና ነኝ እያልኩ የምጨርሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስለማያምር ነው።

ይህን ለእማዬ አይንገሯት። ለእሷ ልብሱ ሳይወልቅ ይቆይ።

መጋዘኑ ውስጥ ወረቀት የምትለጥፈው ልጅ ትናንት ለቀልድ፣ አንቺስ ላይ ምን ልለጥፍ አለችኝ። ሳቅሁ እንጂ አልመለስኩላትም ነበር። ዛሬ ደብዳቤዎን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው መልሱን አገኘሁት።

ሲሰካ ይሠራል። ስለዚህ ጋሼ፣ ቶሎ ቶሎ ይጻፉ።

የእህትዎ ልጅ